የኋላውን ባሌስትራ አትንቀለው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ገጠር መኪና

ስለ ባሌስትራ (ንጣፍ በንጣፍ ተደራርቦ መኪናውን ስለሚሸከመው ብረት) እና ስለ ሞላ (ስለ ጥምዝምዙ ብረት) የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ስለበዙ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው የሰው ሕይወት ያለበት ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ መልሼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምሠራው ሎግያ ሆኜ ነው። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ባጠራቀምነው ገንዘብ አንድ 78 ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር ገዝተን እንግዶችን ወደ ዳሎልና ወደ ኤርታ አሌ እናመላልሳለን። ሞተሩ ጥሩ ነው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 1ኤችዜድ። ችግሩ ኋላው ነው። ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፤ ከኋላ የሚቀመጡት እንግዶች ወገባችን ተቆረጠ ይላሉ። ጓደኛችን ፕራዶ አለው፤ የሱ እንግዶች ተኝተው ይደርሳሉ። አሁን አንድ ጋራዥ የኋላውን ባሌስትራ አውጥቶ፣ ሻንሲው ላይ መቀመጫ በይዶ ሞላ ሊገጥምልን ዋጋ ነግሮናል። ወንድሜ እንቀይር ይላል። እኔ ፈርቻለሁ፤ ለምን እንደፈራሁ ግን ማስረዳት አቃተኝ። ለመሆኑ ለእንዲህ ዓይነት አገር ባሌስትራ ነው ወይስ ሞላ የሚሻለው? ምን ይመክሩናል?
ሙ.፣ ከሎግያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትቀይሩ። ሻንሲው ተበይዶ ሞላ የተገጠመለት ሃርድ ቶፕ ይዘህ ሰው ጭነህ እሳተ ገሞራው ድንጋይ ላይ እንድትወጣ አልፈልግም። ፍርሃትህ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ልንገርህና አንተ ደግሞ ለወንድምህ አስረዳው።

መጀመሪያ ሁለታችሁም ካርቶን አንጥፋችሁ ከሥር ግቡ። ከፊት ሞላ ታያላችሁ፣ ከኋላ ባሌስትራ። ቶዮታ 70 የሚባለውን ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. በ1984 ሲያወጣ ለከባድ ሥራ የታሰቡት ሁሉ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የፊቱን አንስቶ ሞላ አደረገበት። የኋላውን ግን አስረዘመው እንጂ ወደ ሞላ አልቀየረውም። ያን ጊዜ ፋብሪካው የኋላ ሞላ መሥራት አቅቶት አልነበረም፤ 80 የሚባለው ላንድክሩዘር አራቱም ጎማ ላይ ሞላ ይዞ መሸጥ ከጀመረ ዓመታት አልፈው ነበር። እያወቀ፣ እየቻለ፣ ለዚህ መኪና ኋላ ባሌስትራ ይሻላል ብሎ የተወው ነው። ፊት ላይ ያለው ክብደት ሞተሩ ነው፤ ዛሬም ነገም ያው ነው። ኋላው ላይ ያለው ግን ስትሄድ አንድ ነው፣ ስትመለስ ሌላ።

እስቲ አስላው። 78ቱ በሁለት ጋን 180 ሊትር ናፍታ ይይዛል፤ ይህ ብቻውን 150 ኪሎ ገደማ ነው። ለስድስት ሰው ለሦስት ቀን፣ በቀን በሰው አምስት ሊትር ውሃ ብትይዝ 90 ኪሎ። ከዚያ ሰዉ ራሱ፣ ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ የወጥ ቤቱ ዕቃ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ፖርቶመጋላው ላይ የተጫነው ሁሉ አለ። ስትመለስ ውሃው አልቋል፣ ናፍታው አልቋል፣ አንዳንዴ እንግዶቹም በሌላ መንገድ ሄደዋል። አንድ መኪና በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዓይነት መኪና ይሆናል።

አሁን ወደ ሞላው እንምጣ። የምትገጥሙት ሞላ ያን ሁሉ ሸክም ችሎ እንዳይወድቅ ከተፈለገ ወፍራምና ጠንካራ መሆን አለበት። ለሙሉ ሸክም የጠነከረ ሞላ ደግሞ ባዶውን ሲሆን ይዘላል፤ አሁን የምታማርርበት ባሌስትራ እንደሚዘለው። ለስላሳውን ከመረጣችሁ ባዶውን ይመቻችኋል፣ ስትጭኑ ግን ኋላው ቁጭ ይልና በየጉድጓዱ አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የተደረገው የጎማ ማቆሚያ ላይ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የመጀመሪያው ሬንጅ ሮቨር ረጅም ለስላሳ ሞላ በአራቱም ጎማ ይዞ ሲመጣ ዓለም አድንቆታል፤ የሚገባውም ነበር። ግን የሠሩት ሰዎች ሲጫን ኋላው እንደሚወርድ ስላወቁ ኋላው አክስል (ግራና ቀኙን ጎማ የሚያያይዘው ዘንግ) ላይ ከፍታውን ራሱ የሚያስተካክል ቦገ የሚባል የጀርመን መሣሪያ ጨመሩለት። አንተ ጋ የመጣው ጋራዥ ስለዚህ ነገር ምን አለ? ጠይቀው።

ሌላው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ሞላ ወደ ላይና ወደ ታች ከመሸከም ሌላ ሥራ የለውም። ባሌስትራ ግን ይሸከማል፤ አክስሉንም ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፤ ነዳጅ ስትሰጥና ፍሬን ስትይዝ አክስሉ ሊጠመዘዝ ሲል ይቋቋመዋል፤ ንጣፎቹ እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ደግሞ ከንዝረቱ የተወሰነውን ይውጣሉ። እሱን የነቀለ ሰው እነዚህን ሥራዎች ሁሉ ለሌላ አካል ማከፋፈል አለበት። አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙ ረጃጅም ክንዶች ያስፈልጋሉ፤ ወደ ጎን እንዳይሄድ ፓንሃርድ የሚባለው አግድም ዘንግ ያስፈልጋል፤ ንዝረቱን ብቻቸውን የሚችሉ ጠንካራ ሾክ አብዞርበሮች ያስፈልጋሉ። የክንዶቹ ርዝመትና ማዕዘን ትንሽ ከተሳሳተ አክስሉ ሲወርድና ሲወጣ ይዞራል፣ ክሮቼራው (የማዞሪያው ዘንግ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ይበላል፣ መኪናው በፍጥነት ላይ ወደማትፈልገው አቅጣጫ ይጎትታል። ይህን የሚያሰላ መሐንዲስ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ለ70ዎቹ እንዲህ ያለ ቅየራ የሚሸጡ አሉ፤ እነሱ ግን አስልተው፣ ፈትነው፣ ለመንገድ ፈቃድ የምስክር ወረቀት አስይዘው ነው የሚገጥሙት። በያጅና መፍጫ ብቻ ይዞ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሻንሲው ራሱም አለ። ባሌስትራ ሸክሙን ሻንሲው ላይ ተራርቀው ባሉ ሁለት ቦታዎች ያሳርፋል፤ ከፊቱ ጆሮውና ከኋላው ማያያዣው። የዚህ መኪና ሻንሲ የተሠራው ሸክሙ በነዚያ ሁለት ቦታዎች እንዲመጣለት ነው። ሞላ ግን ሸክሙን አንድ ቦታ ላይ ይጭነዋል፤ ያ ቦታ በፋብሪካ ለዚያ አልተጠናከረም። በብየዳው ዙሪያ ያለው ብረት ደግሞ በሙቀቱ ባሕርዩ ይለወጣል፣ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዛሬ አይታይም፤ ኮረኮንቹ ከቀን ወደ ቀን ይከፍተዋል።

ሞላን ያጣጣልኩ እንዳይመስልህ። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ጂ መኪና በአራቱም ጎማ ሞላ ነው፣ ዩኒሞግም ያን ሁሉ እየተሸከመ ሞላ ነው። ድንጋይ ለድንጋይ ስትወጣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ጉብታ ሲወጣ፣ ሞላ ያለው አክስል ጎማውን መሬት ላይ አሳርፎ ለማቆየት የበለጠ ነፃነት አለው። በከባድ ዳገት ነዳጅ ስትሰጥ ባሌስትራው እንደ ኤስ ፊደል ተጠማዞ አክስሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ በክንድ የተያዘ አክስል ይህ የለበትም። የምትጭነው ቀላልና የማይለዋወጥ ቢሆን፣ መንገድህም አዋሽ፣ ባሌ፣ ሳነቴ ላይ ሁለት ሰው ይዞ መውጣት ቢሆን ኖሮ ሞላ ያለውን 105 ላንድክሩዘር ግዛ እልህ ነበር። ግን ከፋብሪካው ሞላ ሆኖ የወጣውን፤ ተነቅሎ የተገጠመውን አይደለም።

የጓደኛህን ፕራዶ በተመለከተ ደግሞ ሁለት ነገር አንድ ላይ እየተምታታብህ ነው፤ የሚጽፉልኝ ብዙዎችም እንደዚያው ናቸው። ፕራዶው ፊቱ ላይ ሞላ አለው፣ ግን አክስል የለውም፤ ግራና ቀኙ ጎማ ለየብቻው ይንቀሳቀሳል። አስፋልት ላይ የሚያስተኛው ይህ ነው። በምላሹ አንድ ጎማ ሲጨመቅ የመኪናው ሆድ አብሮ ወደ ድንጋዩ ይወርዳል። ያንተ መኪና ፊቱ ሙሉ አክስል ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ርቀት ሁልጊዜ ያው ነው። ስለዚህ ሁለታችሁን የሚለያችሁ የሞላ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እንግዶችህን ወገባቸውን የሚቆርጣቸው የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ፕራዶው ውስጥ ሰው የሚቀመጠው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ነው። በሃርድ ቶፑ የጎን አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ልክ ከኋላው አክስል በላይ ነው ያለው፤ አክስሉ የተመታውን ሁሉ ይመታል። ሞላ ብትገጥም ከዚያ ቦታ አይነሳም። አግዳሚዎቹን አንስታችሁ ወደ ፊት የሚያይ ወንበር፣ በተቻለ መጠን ወደ ፊት ተጠግቶ፣ ደኅና መቀመጫ ቀበቶ ያለው አስገጥሙ። ለቅየራው ያሰባችሁት ገንዘብ ግማሹ ለዚህ ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ ልዩነቱንም እንግዶቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ቀጥሎ የባሌስትራውን ንጣፎች ቁጠር። እንዲህ ያሉ መኪኖች አብዛኞቹ ቀድሞ የእርዳታ ድርጅት ወይም የመንግሥት ሥራ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ባለቤት በርሜል ሲጭንባቸው ተጨማሪ ንጣፍ ያስገባባቸውና ሳያወጣ የሚሸጣቸው ብዙ ናቸው። ከሌላ ተመሳሳይ መኪና ጋር አስተያይ። የተጨመረ ካለ አስወጣው። ንጣፎቹ መካከል ዝገት ተጋግሮ ከሆነ እንደ አንድ ድፍን ብረት ነው የሚሆኑት፤ ይፈቱ፣ ይፋቁ፣ ይታጠቡ፣ ተመልሰው ይታሰሩ። መኪናውን በክሪክ አንስተህ የባሌስትራውን የኋላ ማያያዣ በእጅህ ወዝውዘው። ጎሚኒዎቹ (በብረቶቹ መካከል ያሉት ላስቲኮች) ካለቁ ብረት ከብረት ይመታል፣ ከደረቁ ደግሞ ማያያዣው አይወዛወዝም፤ ባሌስትራ ሲጫን ይረዝማል፣ ማያያዣው ካልተወዛወዘለት የሚረዝምበት የለውም። ሾክ አብዞርበሮቹ ዘይት ካፈሰሱ ጥንዱን አብረህ ቀይር። ሞገድ ሞገድ የሠራ ጠጠር መንገድ ላይ ለረጅም ሰዓት ስትነዳ ይግላሉ፣ ሲግሉ ሥራቸውን ይተዋሉ፤ ቆም ብለህ አሳርፋቸው። ሲቀዘቅዙ የሚመለሱ አሉ፣ ዘይታቸውን የተፉ ግን አይመለሱም።

ጎማውን ደግሞ አትርሳ። 7.50 በ16 ጎማ ያለው መኪና ጎሚስታ ጋ ሲደርስ እንደ ጭነት መኪና ንፋስ ይሞላበታል። በባዶ መኪና ላይ ያ ንፋስ ከባሌስትራው የበለጠ ያዘልላል። በሩ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካውን ቁጥር አንብብ፤ ለባዶና ለሙሉ ሸክም የተለየ ነው። አሸዋው ላይ ማስተንፈስ ጥሩ ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ግን ብዙ ካስተነፈስክ ድንጋዩ የጎማውን ጎን ይቆርጠዋል። ከመነዳሪ (አየር የሚይዝ የውስጥ ጎማ) ያለው ጎማ ከሆነ ደግሞ በጣም ሲተነፍስ ከመነዳሪው ውስጡ ይዞርና የንፋስ መሙያ አፉን ይበጥሰዋል።

ባሌስትራ ሲሰበር ስለሚሆነው ልጨምር፤ ካንተ ሥራ ጋር ይያያዛል። ሶማሌ ክልል ለእርዳታ ሥራ ውሃ እናመላልስ በነበረበት ዘመን የኋላ ባሌስትራ ዋናው ንጣፍ ከአክስሉ ፊት ለፊት ተሰብሮ አይቻለሁ። አክስሉ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ሸሸ፣ መኪናው እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሄድ ጀመር። ሾፌሩ ከግራር ግንድ ታኮ ቆርጦ በሻንሲውና በአክስሉ መካከል አስገባ፣ አክስሉን በሰንሰለት ወደ ፊት ስቦ ከባሌስትራው ጆሮ መያዣ ጋር አሰረው፣ በእርምጃ ፍጥነት ከተማ ገባ። ከታች ካሉት ንጣፎች አንዱ ብቻ ሲሰበር ደግሞ ቀስ ብለህ ከሄድክ ያደርስሃል። ባሌስትራ ኮምቦልቻም፣ ሎግያም፣ አዳማም ይገኛል፤ ያገለገለ ከፈለግክ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሞልቶታል። የተሰበረው ራሱ አይጣልም፤ ቀጥቃጮች ማረሻና መጥረቢያ ያወጡበታል፣ ብረቱ እንዲህ ያለ ብረት ነው። ለልዩ ቅየራ የተሠራ ክንድ ሲታጠፍ ግን ልኩን የሚያውቀው የሠራው ጋራዥ ብቻ ነው፤ አንተ ደግሞ ያን ጊዜ ዳሎል አጠገብ፣ ሐመድ ኢላ መንደር ነህ።

ወንድምህን ሰላም በልልኝ።

ጥያቄ፦ እኔ ቦንጋ ቡና እሰበስባለሁ። ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ፣ ቪጎ የሚባለው። በወቅቱ እስከ 12 ኩንታል እንጭንበታለን፣ ከኋላ ይወርዳል፣ መብራቱ ሰማይ ያያል። ሾፌሬ ሁለት ተጨማሪ ንጣፍ ይግባበት ይላል። ወንድሜ ደግሞ ከዱባይ በአየር የሚነፋ ከባሌስትራው ጋር የሚሠራ ከረጢት ልላክልሽ አለኝ። የቱ ይሻለኛል?
ወ/ሮ ሰ.፣ ከቦንጋ

መልስ፦ እኅቴ፣ ሁለቱም አይሻሉዎትም፤ እንዲህ ስል ሥራዎን አቃልዬ አይደለም። የቡና ወቅት አጭር እንደሆነና ኩንታሉ መንገድ ዳር ሲያድር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን 12 ኩንታል 1,200 ኪሎ ነው። ሃይሉክስ የአንድ ቶን ክፍል መኪና ነው የሚባለው፤ ባለ ሁለት ጋቢናው ከዚያ ያነሰ ነው የሚችለው፣ ከዚያም ላይ ጋቢናው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይቀነሳል።

ከክብደቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ቦታው ነው። ባለ ሁለት ጋቢና መኪና ጋቢናው ስለረዘመ የጭነት ቦታው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ኩንታል ሲደራረብ ብዙው ክብደት ከኋላው አክስል ወዲያ ይንጠለጠላል። ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ፣ ጋቢናውና የጭነት ሳጥኑ የሚለያዩበት ቦታ ላይ የሚታጠፈው ለዚህ ነው። አሁኑኑ ሄደው ያንን ክፍተት ይዩት። ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠቦ ከሆነ፣ ወይም ሳጥኑ የጋቢናውን ጀርባ መንካት ከጀመረ ሻንሲው መታጠፍ ጀምሯልና ከመጫንዎ በፊት ያስመርምሩት።

አየር የሚነፋው ከረጢት ይህን ያባብሰዋል። ባሌስትራው ሸክሙን በሁለት ጫፎቹ ለሻንሲው ያካፍላል ብዬ ከላይ ለልጁ ጽፌያለሁ። ከረጢቱ ግን ከአክስሉ በላይ መሃል ላይ ሆኖ ሻንሲውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ቡናው ደግሞ ከኋላው ወደ ታች ይጫነዋል። እንጨት ለመስበር ጉልበታችን ላይ አድርገን ሁለቱን ጫፍ እንደምንጫነው ማለት ነው። ኋላው ቀና ስለሚል ሁሉ ነገር የተስተካከለ ይመስላል፤ ይህ ነው አደጋው። ወንድምዎ በቅንነት ነው ያሰበው፣ ይመስገን፤ በዚያው ገንዘብ ጥሩ ሾክ አብዞርበር ቢልክልዎ ይሻላል።

ሁለት ንጣፍ መጨመርስ? ባሌስትራው አይወርድም፤ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ጎማው ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። የጫኑት ሲወርድ ማየት ማስጠንቀቂያ ነበር፣ ማስጠንቀቂያውን ያጠፉታል። ባዶውን ሲመለስ ደግሞ ከጅማ ወዲህ ባለው ጠመዝማዛ፣ ዝናብ ላይ፣ ኋላው እየዘለለ ከመንገዱ ይንሸራተታል።

የድሮው ባሌስትራ ደክሞ ጠፍጣፋ ሆኖ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ ባዶውን አቁመው ከጎማው መሃል እስከ መከለያው ጠርዝ በሜትር ይለኩ፤ ግራና ቀኙ ከተለያየ ወይም ባሌስትራው ባዶውን ወደ ላይ መጉበጡን ትቶ ቀጥ ካለ፣ ያኔ በፋብሪካው ልክ በአዲስ ያስቀይሩት። አንድ መካከለኛ ንጣፍ ብቻ መጨመር ካለብዎት ይጨመር፣ ግን ሸክሙ ከ8 ኩንታል እንዳያልፍ፣ ከባዱም ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ይጫን። ከተሠራ በኋላ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖች ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር በኋላ እንደገና እንዲጠብቁ ለሾፌርዎ ይንገሩት። ሲላሉ የመሃሉ ብሎን ይቆረጣል፣ አክስሉም ከቦታው ይሸሻል። ለቀሪው 4 ኩንታል ሁለተኛ ምልልስ ያድርጉ ወይም አይሱዙ ይከራዩ። ወጪ እንደሆነ አውቃለሁ። ሻንሲ ማስቀየር ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 105 ላንድክሩዘር ነው የምነዳው፣ የድርጅት። ከ80 አካባቢ ፍጥነት ላይ ጉድጓድ ስመታ መሪው በሁለት እጄ ልይዘው እስካልችል ድረስ ይንቀጠቀጣል። ካልቆምኩ አይተወኝም። የፊት ሞላዎቹን አዲስ አስቀየርን፣ አልተሻለውም። መካኒካችን ሞላ ያለው መኪና ጸባዩ ነው ይላል።
ሾፌር ነኝ፣ ከጅግጅጋ

መልስ፦ ጸባዩ አይደለም፤ ብልሽት ነው፣ አደገኛም ነው። እስኪሠራ ድረስ ከ60 በላይ አትንዳው። አለቆችህ ካልሰሙ ይህንን ገጽ አሳያቸው።

ሞላው ምንም አላደረገም። ሞላ አክስሉን አይዝም ብያለሁ፤ የፊት አክስልህን ወደ ጎን የያዘው ፓንሃርዱ ነው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የያዙት ደግሞ ሁለቱ ክንዶች ናቸው። ሦስቱም የሚታሰሩት በጎሚኒ ነው። አንዱ ጎሚኒ ሲያልቅ ወይም የብሎኑ ቀዳዳ ሲሰፋ አክስሉ በሚሊሜትር ይጫወታል፤ ጉድጓዱ ሲመታው ያ ጨዋታ ከመሪው ጋር እየተቀባበለ ይደጋገማል።

አረጋገጡን ልንገርህ። መኪናው መሬት ላይ እንዳለ፣ ሞተሩ በርቶ፣ አንድ ሰው መሪውን ቶሎ ቶሎ ግራና ቀኝ ይበል። አንተ ከፊት ሆነህ የፓንሃርዱን ሁለት ጫፎች እይ፤ እጅህን ግን አታስገባ። ዘንጉ ሳይንቀሳቀስ ማሰሪያው ከተንቀሳቀሰ አገኘኸው። ቀጥለህ ፊቱን በክሪክ አንሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። ከተጫወተ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ወይም አክስሉ ጫፍ ላይ ጎማውን የሚያዞረው ክፍል ውስጥ ከላይና ከታች ያሉት ኩሽኔታዎች ናቸው። ብዙ መካኒኮች የኋለኞቹን ይረሷቸዋል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣልኝ ከፓንሃርዱ ቀጥሎ የማየው እነሱን ነው። ከዚያ የመሪው ዘንጎች ጫፍ፣ ከዚያ የጎማው ሚዛን። መሪው ላይ የተገጠመችውን ትንሿን ሾክ አብዞርበር አዲስ ብታደርጋት ንቅጥቅጡ ለጥቂት ጊዜ ይደበቃል፣ በሽታው ግን ውስጡ ነው። እሷን መጨረሻ ላይ ቀይራት።

መኪናው ከፍ እንዲል ተብሎ ረዘም ያለ ሞላ ተገጥሞለት ከሆነ ደግሞ ንገረኝ፤ የክንዶቹ ማዕዘን ይለወጥና ጎማው ቀጥ ብሎ የመሄድ ባሕርዩን ያጣል፣ ለዚያ የሚሆን ጎሚኒ ለብቻው አለ።

ጥያቄ፦ አሳሌ የጨው ሜዳ ላይ እየነዳን ነው የምንመለሰው። ባሌስትራውን የተቃጠለ ዘይት እየቀባነው ነበር፤ እውነት ይጠቅማል?
ከመቀሌ

መልስ፦ ተዉት። ዘይቱ አቧራውን ይይዘዋል፣ አቧራውና ዘይቱ ተደባልቀው ንጣፎቹን እንደ ሞረድ ይፍቋቸዋል፤ ጎሚኒውንም ያለሰልሰዋል። ለጨው መድኃኒቱ ብዙ ንጹሕ ውሃ ነው፣ በዚያው ዕለት፣ ጨው ሳይደርቅ። ሞላ ክፍት ስለሆነ በቀላሉ ይታጠባል። ባሌስትራ ግን ጨዋማ ውሃውን ንጣፎቹ መካከል ይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ በክሪክ ሻንሲውን አንሱት፣ አክስሉ ወደ ታች ሲንጠለጠል ንጣፎቹ ትንሽ ይላቀቃሉ፣ በዚያ ክፍተት ከጎን ከጎን ውሃውን በኃይል ልቀቁበት። የሻንሲውንም ውስጥ በቀዳዳዎቹ እጠቡት። ከሥሩ ከመግባታችሁ በፊት ግን ታኮ አድርጉ፤ በክሪክ ብቻ የተደገፈ መኪና ሥር ማንም አይግባ።